ውኃ አይፈሬ ኑግ

የእጅ ጽሑፌ ያምራል። ይህን የምለው ራሴን ለማሞገስ አይደለም፤ በዕድሜዬ ያገኘሁት ሥራ ሁሉ በእሱ ምክንያት ስለመጣልኝ ነው። የቤተ ክህነት ትምህርቴን ቅኔው ላይ አቋርጬ ወረታ ስገባ የእርሻው ቢሮ ጸሐፊ ይፈልግ ነበር። ፈተናው አንድ ገጽ መገልበጥ ብቻ ነው። አብረውኝ የቀረቡት ሁለት ሰዎች ሒሳብ ከእኔ አብልጠው ያውቁ ነበር፤ ፊደሌ ግን አሸነፋቸው። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ጊዜ ፊደሉን አሳምሮ የጻፈ ሰው እውነቱንም የጻፈ ይመስለኝ ነበር።

ዘመኑ ሃምሳዎቹ ነው። ሩዝ የሚባል እህል በፎገራ ሜዳ ላይ አይታወቅም። የፎገራ ገበሬ የሚዘራው ጤፍ፣ ዳጉሳና ኑግ፣ ክረምቱ አልፎ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ሽምብራና ጓያ ነበር። ወረታም የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች የሚገናኙባት፣ ከቆርቆሮው የሣር ክዳኑ የሚበዛባት ትንሽ ከተማ ነበረች። ቢሯችን ሁለት ክፍል ነበረው፤ አንዱ የእኛ፣ አንዱ የአይጦቹ።

አንድ ዓመት ግንቦት ሲያልቅ ከአዲስ አበባ አንድ ባለሙያ መጣ። ቀጭን፣ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ መልስ ሲሰጡት እስከ መጨረሻው የሚሰማ ሰው ነበር። ሁለት የቆርቆሮ ሣጥንና ብዙ የወረቀት ከረጢት ይዟል። የመጣበትን ጉዳይ ሲነግረን አለቃዬ ሳል አስመስሎ ሣቁን ዋጠው። ሰውዬው የገበሬውን የድሮ ዘሮች በየዓይነታቸው ሊመዘግብ፣ ከእያንዳንዱም ሁለት ሁለት እፍኝ ወስዶ በጠርሙስ ሊያስቀምጥ ነው የመጣው።

«አዲስ ዘር እየመጣ ነው» አለኝ መንገድ ስንጀምር። «ምርቱ ብዙ ነው፤ ገበሬው መውሰዱም ደግ ነው። ግን አሮጌው ሲጠፋ፣ እንደነበረ እንኳ የሚያውቅ አይኖርም።»

እኔ በልቤ ሥራ የጠፋው ሰው ነው አልሁ። ገበሬ እስካለ ድረስ ዘር እንዴት ይጠፋል? እህልን በጠርሙስ ማስቀመጥ ማለት ጎታ ላለው አገር ጎታ ማስተማር ነው። ይህን ግን አልተናገርሁም፤ በቅሎ ላይ ተቀምጦ መዞርና ፊደል መጻፍ ከቢሮው አይጦች ይሻለኛል።

መዝገቡን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ሁለት ቅጂ ነው፤ አንዱ አዲስ አበባ የሚሄድ፣ አንዱ ወረታ የሚቀር። ስድስት ዓምድ አለው። የዘሩ ስም፣ ከማን እንደመጣ፣ የሚዘራበት ጊዜ፣ የሚወደው አፈር፣ ጥቅሙ። ስድስተኛው «ልማድ» ይላል። ባለሙያው ይህን ዓምድ ከሁሉ ይወደው ነበር። ዘሩ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ለማን እንደሚሰጥ፣ መቼ እንደማይሰጥ፣ ይህን ሁሉ ጠይቅ ብሎ ደጋግሞ ነግሮኛል። እኔ ደግሞ ከሁሉ የምጠላው እሱን ነበር፤ ምክንያቱም ስንጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ «ምን ልማድ አለ? እንደ ሰው ነዋ» ነው። እንዲህ ያለውን መልስ በጥሩ ፊደል መጻፍ ያናድዳል።

ሰዉ መጀመሪያ መሬት ሊለኩ ነው ብሎ ሸሸን። ኋላ ሣጥኑ ውስጥ ገመድ እንደሌለ ሲያይ ተመለሰ፤ ባለሙያውንም «ዘር ለቃሚው» አሉት። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ጀምሯል። ባለሙያው መንገዱ ጭቃ ሆኖ ሳይዘጋ እንጨርስ ብሎ ይቸኩላል። ገበሬው ለኑግና ለዳጉሳ መሬቱን እየገለበጠ ነው፤ ዘሩ ገና ጎታ ውስጥ ነው። ይህን ጊዜ መምረጣችን ከቶ ስሕተት አልመሰለንም።

አንድ ነገር ግን አስተውዬ ነበር። ወንዶቹ ስንጠይቃቸው ወዲያው ሊያመጡ ይነሣሉ። ሴቶቹ ቀደም ብለው ያስቀምጧቸዋል። «ነገ ጧት ኑ፣ አበጥሬ ልስጣችሁ» ይላሉ፤ አንዷም ሌላዋም። ባለሙያው ይህን በጣም ወደደው። «የዚህ አገር ሴት ያልተበጠረ እህል ለሰው አትሰጥም» ብሎ በገዛ ማስታወሻው ላይ ጻፈ፤ አነበበልኝም። እኔም የአገሬ ሴቶች ስለተመሰገኑ ኮራሁ።

የእናቴ ቤት ከወረታ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል፤ ከርብ ወንዝ ብዙም አይርቅም። አባቴ ሞቶ እሷ ብቻዋን ነበረች፤ የሚያርስላት እኩል አራሽ ነው። ሁለት ማሳ አላት። አንዱ ከፍ ያለ ነው፣ ማንኛውንም እህል ያበቅላል። ሌላው ረባዳ ነው፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ውኃ ይተኛበታል። በዚያ ረባዳ ላይ የሚቆም እህል አንድ ብቻ ነበር። «ውኃ አይፈሬ» የምትለው ኑግ ነው። ፍሬው ከሌላው ኑግ ያንሳል፣ ዘይቱም ብዙ አይደለም፤ ግን ሌላው ኑግ ሥሩ ውኃ ውስጥ ሁለት ሳምንት ሲቆይ ቢጫ ሆኖ ሲሞት እሱ ቆሞ ይጠብቃል፣ ጥቅምት ላይ ያብባል። ጎረቤቶች «የአንቺ ኑግስ ለዘይት ሳይሆን ለዋና ነው» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ረባዳ ያላቸው ሰዎች መሬታቸውን ለከብት ስለሚተዉት ዘሩን የፈለገባት አልነበረም። በሜዳው ላይ ያ ኑግ ከእሷ ጎታ በቀር የትም አልነበረም። ረባዳው ባይኖር የዓመቷ ግማሽ የለም ማለት ነው።

ባለሙያው ይህን ሲሰማ ከተቀመጠበት ሊነሣ ምንም አልቀረው።

«እናቴ፣ ይህን ኑግ ከየት አመጡት?»

«ተእናቴ ነዋ፣ የኔ ጌታ። ስዳር ቋጥራ ሰጠችኝ። እሷም ተእናቷ ነው ያገኘችው።»

«ሁለት እፍኝ ይሰጡኛል? አይበላም፤ አይሸጥም። ስሙ ተጽፎበት አዲስ አበባ ይቀመጣል።»

እናቴ ወደ እኔ አየች። ያን አስተያየት ልጄ ከትልቅ ሰው ጋር መጣ የሚል ኩራት አድርጌ ወሰድሁት። እኔም አገጬን ከፍ አድርጌ «ትሰጣለች እንጂ» አልሁ፣ እሷ ሳትመልስ።

«ነገ ጧት ይውሰዱ» አለች። «አበጥሬ ላቆይልዎ።»

በማግሥቱ ስነሣ ጓዳው ኑግ ኑግ ይሸታል። የሰኔ ጾም ነበር፤ የኑግ ፍትፍት ልታበላን ነው ብዬ ምራቄን ዋጥሁ። የቀረበልን ግን ሽሮ ነው። ከበላን በኋላ ኑጉን በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራ በሁለት እጇ ለባለሙያው ሰጠችው። እሱም ተነሥቶ ጎንበስ ብሎ ተቀበላት። ወደ ከረጢት እንድገለብጠው ሲሰጠኝ ቋጠሮው ይሞቃል። ፀሐይ ላይ አስጥታው ነው አልሁ። ከመጣን ጀምሮ ፀሐይ የሚባል ነገር አላየንም፤ ሰማዩ እንደ ጥላሸት ጠቁሯል። ቅኔ የተማርሁ ሰው ነኝ፤ ይህን አላገናዘብሁም።

መዝገቡን ከፈትሁና ስሙን፣ የመጣበትን፣ ጊዜውን፣ አፈሩን፣ ጥቅሙን ጻፍሁ። አንዱንም አልጠየቅኋትም፤ እዚያው ቤት አድጌ ምን እጠይቃለሁ? ስድስተኛው ዓምድ ላይ ስደርስ አንዲት ቀጥ ያለች ሠረዝ አሰመርሁ። ቀለሙ አልፈሰሰም፤ ሠረዟም ታምር ነበር።

ሁለት ዓመት አለፈ። በሦስተኛው ዓመት ነሐሴ ላይ ርብ ሞልቶ ወጣ። ፎገራ ውኃ አይደንቀውም፤ የዚያ ዓመቱ ግን ደለል ይዞ መጣ። ውኃ አይፈሬው ውኃን ቢችልም፣ ጉልበት ድረስ ደለል ሲወድቅበት ምን ያድርግ? ተቀብሮ ቀረ። ውኃው ቤቷም ገባ። እናቴን በታንኳ አውጥተው ከፍ ካለው ሰፈር አንዲት ጎረቤቷ ቤት አስጠጓት። ለክፉ ቀን ያስቀረችው ኑግ የነበረበት ጭቃ ጎታ ከሥሩ ራሰ። ውኃው ከወረደ በኋላ ስንከፍተው ኑጉ ውስጥ ውስጡን በቅሎ፣ ነጭ ሥር አውጥቶ፣ እርስ በርሱ ተቆላልፎ በስብሷል። እናቴ እጇን ከትታ አንድ እፍኝ አወጣችና ብዙ ጊዜ ይዛው ቆመች። የበሰበሰው እጇ ላይ ሲፈርስ ጣለችው።

እኔ ግን በልቤ ደስ ብሎኛል፤ ይህን ዛሬ ለመጻፍ አፍራለሁ፣ ግን እውነት ነው። ሥራ የጠፋው ሰው ነው ብዬ የናቅሁት ባለሙያ ልክ ሆኖ ተገኘ፣ እኔም የእሱ ጸሐፊ ነኝ። የእናቴን መሬት የሚያድነው የእኔ ፊደል ሊሆን ነው።

«አይዞሽ እማየ» አልኋት። «ዘርሽ አለ። አዲስ አበባ በጠርሙስ ተቀምጧል። እጽፍለታለሁ፣ ይልክልኛል።»

«ተወው ልጀ» አለች። «ሰው አታስቸግር።»

«ምን ማስቸገር አለው? የተቀመጠው ለዚህ አይደል?»

«ተወው ብየሃለሁ።»

ተናደድሁ። በዘሩ ሐዘን እንጀራ የማይወርድላት ሴት፣ ዘሩ አለ ሲሏት ተወው ትላለች! የእርጅና ነገር ነው ብዬ ደብዳቤውን ጻፍሁ፤ እንደዚያ አሳምሬም ጽፌ አላውቅም።

መልሱ ኅዳር ላይ በአውቶቡስ መጣ። ቡናማ ፖስታ ውስጥ ከሁለቱ እፍኝ አንዱ አለ፤ እኔው የጻፍሁት ስም ተለጥፎበታል። ባለሙያው በአንዲት ቁራጭ ወረቀት «የለፋነው ለዚህ ነበር። እናትህን ሰላም በልልኝ» ብሏል። ፖስታውን ደረት ኪሴ ከትቼ፣ መዝገቡን ብብቴ ሥር ይዤ በዚያው ቀን ወደ እናቴ ሄድሁ። መዝገቡን የወሰድሁት ለምን እንደሆነ ይገባችኋል፤ ስሟን በፊደሌ ላሳያት ፈልጌ ነው።

ቤቷ ታድሶ ተመልሳ ገብታለች። ያቺ ያስጠጋቻት ጎረቤት አብራት ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ሰፌድ አምጪ አልሁና ኑጉን በፊታቸው ዘርገፍሁት። ጥቁር፣ ንጹሕ፣ የሚያብረቀርቅ ነው፤ ትናንት የተበጠረ ይመስላል።

እናቴ አልጨበጠችውም። አንዲት ፍሬ በጣቷ አንሥታ በጥርሷ ሰበረችና ሰፌዱን ወደ እኔ መለሰች።

«አመስሁት እኮ ልጀ።»

አልገባኝም።

«ያን ጊዜ አምሸ ነው የሰጠኋችሁ። አይበቅልም።»

ጮኽሁባት። በእናቴ ላይ የጮኽሁት ያን ቀን ብቻ ነው ብል እዋሻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ጮኼ ግን አላውቅም። ሰው አምኖሽ፣ ጎንበስ ብሎ ተቀብሎሽ፣ እኔን አዋርደሽ አልሁ። ጎረቤቷ እንዝርቷን አቆመች። እናቴ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ዘር ሳይዘራ ተቤት አይወጣም» አለች። «ተወጣ በረከቱ አብሮ ይወጣል። ተዘራሁ በኋላ ቢመጣ ቁናውን ሙሉ እሰጠው ነበር። በሰኔ መጣ። እንግዳ ደሞ አሳፍሬ አልሰድ፤ አንተም አጠገቡ ቁመህ ትሰጣለች ትላለህ። ምን ላድርግ? እህሉን ሰጠሁ፣ ዘሩን አስቀረሁ። እናቴም እንዲህ ነው ያሳየችኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅኸኝም።»

መዝገቡ ብብቴ ሥር ነበር።

ጎረቤቷ ሣቋን መያዝ አቃታት። «አንት ደሞ ምን ያስጮኽሃል? እኔስ ዳጉሳውን መቸ ሳላምስ ሰጠኋችሁ? በሰኔ ዘር ብላችሁ የዞራችሁበት ቤት ሁሉ ምጣዱን ጥዶላችኋል።»

«አሁን ለሰውየው ምን ልበለው?»

«ምን ትለዋለህ፤ ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ!»

እናቴም ሣቀች። እኔ አልሣቅሁም። እልኸኛ ነኝና የኑጉን ሩብ ያህል ይዤ ወጣሁ፤ ከጓሮው ርጥብ ቦታ መርጬ ቆፍሬ ዘራሁት። እናቴ አይበቅልም ብላ አልተከራከረችኝም። ከቢሮው ፈቃድ ጠይቄ እዚያው ሰነበትሁ። በስድስተኛው ቀን አንዲት ቡቃያ ብቅ አለች። ሁለት ቅጠል፣ ወፍራም አንገት፣ ራሱ ኑግ። ለማንም ሳልናገር ሁለት ቀን ሙሉ ጠበቅኋት፤ ዶሮ እንዳይጭራት እሾህ አጠርሁላት። በስምንተኛው ቀን እናቴ እሾሁን አይታ መጣች፣ ጎንበስ አለች፣ ቅጠሏን በጣቷ ዳበሰችና ነቀለቻት።

«መጭ ነው» አለች። «አትልፋ።»

መጭ ኑግ የሚመስል አረም ነው፤ የገበሬ ልጅ ሁሉ ይለየዋል። እኔም ድሮ እለየው ነበር።

ለባለሙያው እውነቱን ጻፍሁለት። አንዲት ገጽ ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ጥር ላይ፣ እህሉ ተወቅቶ ጎታው ሞልቶ ሳለ ተመልሶ መጣ። እንደገና ቤት ለቤት ዞርን። በዚህ ጊዜ «ነገ ኑ» ያለን ሰው የለም፤ ጎታው እዚያው ፊታችን እየተከፈተ ይዘገንልን ነበር። የጎረቤቲቱን ዳጉሳ ጨምሮ ብዙው ተገኘ። ከእናቴ ጎታ የሚዘገን ግን አልነበረም። ረባዳውም ከዚያ ዓመት ጀምሮ ለከብት ተተወ።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት፣ መጯን በነቀለችበት ቀን፣ እናቴ ሰፌዱ ላይ የቀረውን ኑግ ሙቀጫ ውስጥ ጨመረችው። የገና ጾም ገብቷል። አልከለከልኋትም። ወቀጠችው፣ በውኃ በጠበጠችው፣ አጠለለችው፣ እንጀራ ፈተፈተችበትና አቀረበች። ጎረቤቷንም ጠራቻት። እሷ እንኳ ያን ቀን አልቀለደችም።

«ያን ጧት ፍትፍት ጠብቀህ ነበር፣ ዐይንህ ጓዳ ጓዳ ሲል አይቸሃለሁ» አለችኝ እናቴ። «ይኸው።»

በላን። ጥሩ ነበር፤ ሦስት ዓመት ጠርሙስ ውስጥ ተቀምጦ ምንም አልሆነም። እናቴ ትሪውን በመጨረሻው ቁራሽ ጠረገችና በላችው።

እጄን ታጥቤ መዝገቡን ከፈትሁ። ሠረዟ እንዳለች ናት፤ የቀለም ሠረዝ አይፋቅም። ከበላይዋ ባለው ጠባብ ቦታ ላይ እየተጠበብሁ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «ሳይዘራ ከቤት አይወጣም። እንግዳ ከጠየቀ ታምሶ ይሰጣል።» ከጎኑ ደግሞ «ዘሩ ጠፍቷል» አልሁ።

እናቴ ፊደል አታውቅም። ምን ጻፍህ አለችኝ፤ አነበብሁላት። ወደ ገጹ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ፊደሉ ያምራል?» አለች።

«ያምራል» አልኋት።